የሴት ሆርሞን ሕክምና ለመጀመር ያሰበች ትራንስ ሴት ከምን ትጀምር?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኮምቦልቻ የምኖር የ26 ዓመት ትራንስ ሴት ነኝ። ስወለድ ወንድ ተብዬ፣ እንደ ወንድ አደግሁ እንጂ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ራሴን የማውቀው በሴትነት ነው። በአንድ የልብስ ፋብሪካ በስፌት ማሽን ላይ እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ እናቴን ለመጠየቅ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ይህን ጉዳዬን የምታውቀው የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት።

የሴት ሆርሞን ለመጀመር ከወሰንኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደሴ ፒያሳ ወርጄ፣ ከአንድ ፋርማሲ «ለባለቤቴ ነው» ብዬ አንድ እሽግ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ገዛሁ። 21ዱ ነጭ፣ 7ቱ ቡናማ ናቸው። ከአልጋዬ ሥር በጫማ ካርቶን ውስጥ ደብቄው ማታ ማታ እያወጣሁ አየዋለሁ፤ እስካሁን ግን አንዱንም አልዋጥኩም። አንዲት የማውቃት ልጅ «በቀን ሁለት ሁለት ውሰጂ፤ ቡናማዎቹ ኃይለኛ ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ይሁኑ» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ክኒኑን ተይውና በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የዴፖ መርፌ ተወጊ» ብላኛለች። ሁለቱም ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልቤ አልጸናም።

በእነዚህ መጀመር ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ ከምን ይጀመራል፤ ምንስ ምርመራ ይቀድማል? በሰውነቴ ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው፤ የማይለወጠውስ? ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄዬ ነው፦ አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ደም ግፊት ነበረበት፤ የሞተውም በስትሮክ ነው። ይህ ለእኔ መከልከያ ይሆናል? የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ መልሱልኝ።

ፋርማሲስቱ፦

እህቴ፣ ሳትውጪው መጠየቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ካርቶን ውስጥ ያለው እዚያው ይቆይ፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርሽ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ «ለባለቤቴ ነው» እያሉ ይህንኑ እሽግ የሚገዙ ወጣቶችንም ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቡናማዎቹ፦ ሰባቱም የብረት ማዕድን እንጂ ሆርሞን አይደሉም። የሚጨመሩትም የወር አበባ የምታይ ሴት የምታጣውን ደም እንድትተካና በየቀኑ የመዋጥ ልማዷ እንዳይቋረጥ ነው። ኃይለኛ የተባሉት እንግዲህ ለአንቺ ምንም የማይሠሩት ናቸው። በነጮቹ ውስጥ ግን ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ኢቲኒል ኢስትራዲዮል የሚባል ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ነው፣ መጠኑም ብዙውን ጊዜ 30 ማይክሮግራም ነው። ሌላው ሌቮኖርጀስትረል ይባላል፤ ይህኛው ከወንድ ሆርሞን፣ ከቴስቶስትሮን፣ ጋር የሚዛመድ አወቃቀር ስላለው በአንዳንድ ሰው ላይ ብጉርና የፊት ቅባት ያመጣል፣ ማለትም አንቺ ልትሸሺው የምትፈልጊውን ነገር ነው።

ዋናው አደጋ ኢቲኒል ኢስትራዲዮሉ ላይ ነው። ጉበታችን የሰውነትን የራሱን ኢስትሮጅን፣ ማለትም ኢስትራዲዮልን፣ በቀላሉ ሰባብሮ ሲያስወግደው ይህን ሰው ሠራሹን ግን እንደዚያ ሊያስወግደው ስለማይችል፣ መድኃኒቱ ጉበት ላይ ቆይቶ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርገዋል። ለወሊድ መቆጣጠሪያ በቀን አንድ ክኒን ሲወሰድ መጠኑ ትንሽ ነው፤ የአንቺ ጓደኛ እንዳለችው እጥፍ እየተደረገ ቴስቶስትሮንን ለማውረድ ሲወሰድ ግን በእግር ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በአምስተርዳም ትራንስ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ዋነኛው የሕክምናው ጠንቅ የደም መርጋት እንደነበረ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑት በቆዳ ላይ ወደሚለጠፈው ኢስትራዲዮል ከተዛወሩ በኋላ ግን እንደቀነሰ ጽፈዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት መመሪያዎች ኢቲኒል ኢስትራዲዮልን ለዚህ ሕክምና እንዳንጠቀም የሚመክሩትም በዚህ የተነሣ ነው።

ዴፖን በተመለከተ፣ መርፌው ፕሮጀስትን የሚባል ሌላ ዓይነት ሆርሞን ብቻ ነው፤ ኢስትሮጅን የለበትም። ቴስቶስትሮንን ሊቀንስ ቢችልም የጡትም ሆነ የቆዳ ለውጥ የሚያመጣው ኢስትሮጅን ስለሆነ የምትጠብቂውን አይሰጥሽም። ከዚያም በላይ ኢስትሮጅን ሳይተካ ቴስቶስትሮንን ብቻ ለረጅም ጊዜ ማውረድ አጥንትን ያሳሳል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙዎች ሁለቱን ነገር አንድ አድርገው ስለሚያዩት ነው።

ትክክለኛው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መድኃኒት ያጣምራል። አንደኛው ኢስትራዲዮል ነው፤ በክኒን፣ በቆዳ ላይ በሚለጠፍ፣ በጄል ወይም በመርፌ ይሰጣል። ሁለተኛው ቴስቶስትሮንን የሚከላከል ነው፤ እዚህ ላይ ስማቸው የሚነሣው ስፓይሮኖላክቶንና ሳይፕሮቴሮን ናቸው። ስፓይሮኖላክቶን ለልብ ድካምና በጉበት ሕመም ለሚመጣ የሆድ ውኃ ስለሚታዘዝ በየፋርማሲው የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ሽንት ያበዛል፣ ደም ግፊት ያወርዳል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ ኩላሊቱ ያልተመረመረ ሰው ሊወስደው አይገባም። ሳይፕሮቴሮን ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ሜኒንጂዮማ ከሚባል የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር ስለተያያዘ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 አጠቃቀሙ እንዲገደብ አድርጓል። ለትራንስ ሴቶች በቀን 10 ሚሊግራም ገደማ በቂ ሆኖ ሳለ 50 እና 100 ሚሊግራም የሚውጡ መኖራቸው ያሳዝነኛል።

ከመጀመርሽ በፊት የሚደረገው ምርመራ የሚያስፈራ አይደለም። የኩላሊት፣ የጉበት፣ የፖታሲየም፣ የስኳርና የደም ቅባት ምርመራ ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራል፤ ለእነዚህ ማንነትሽን ለማንም መግለጽ አይጠበቅብሽም። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚይዘው በሽታ ስለሆነ እርሱንም አስመርመሪ። የቲቢ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሪው፤ በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን ኢስትራዲዮልን ከደም ቶሎ ስለሚያስወግድ መጠኑ ያንሳል። የቴስቶስትሮንና የኢስትራዲዮል ልክ መነሻው እንዲታወቅ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ጊዜ ይለካል። ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ቴስቶስትሮን ከ50 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች፣ ኢስትራዲዮል ደግሞ ከ100 እስከ 200 ፒኮግራም በሚሊሊትር እንዲሆን ይመክራል። ከዚህ በላይ ማውጣት ለውጡን አያፋጥንም፤ አደጋውን ብቻ ይጨምራል።

ስለ አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የጠየቅሽውን ለይቼ ልመልስ። የቤተሰብ ደም ግፊትና ስትሮክ ራሱን ችሎ መከልከያ አይደለም፤ የመድኃኒቱን ዓይነት ግን ይወስናል። የራስሽን ግፊት ለሁለት ሳምንት በተለያየ ሰዓት አስለክተሽ ጻፊው፤ ከፍ ካለ መጀመሪያ እርሱ ይታከም። ኢስትሮጅኑም በቆዳ በኩል የሚሰጠው ቢሆን ይመረጣል፤ ከሆድ ተነሥቶ በቀጥታ ጉበት ውስጥ ስለማያልፍ ደም የማርጋት ጠባዩ ያነሰ ነው። እናትሽን ደግሞ በዘራችሁ ውስጥ እግሩ አብጦ ደም ረግቶበታል የተባለ ሰው ኖሮ እንደሆነ በጨዋታ መካከል ጠይቂያቸው፤ ከአባትሽ ግፊት ይልቅ ለእኔ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሲጋራ ወይም ሺሻ የምታጨሺ ከሆነም ከመጀመርሽ በፊት ተይው።

የጦሳ ጥላ፦

እታለም፣ ፋርማሲስቱ የተናገሩት ሁሉ በእኔ ላይ ስለደረሰ ልጨምርበት። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ የምኖረው ውጭ አገር ሲሆን በሐኪም ክትትል ሆርሞን ስወስድ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። አጀማመሬ ግን ልክ እንደ አንቺ በነጩ ክኒን ነበር።

የ22 ዓመት ልጅ ሆኜ በቀን ሦስት ነጭ ክኒን እወስድ ነበር፤ አራተኛው ወር ላይ ለሥራ ጉዳይ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄድኩ። 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነው፤ በመስኮት በኩል ተቀምጬ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ አንድ ጊዜም ሳልነሣ ዋልኩ። አዲስ አበባ ስደርስ የግራ ባቴ ከቀኙ ወፍሯል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ስነካው ይሞቃል። ጫማዬ አልወልቅ ብሎኝ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ ናት ያወለቀችልኝ። በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ስባል ፈርቼ «ምንም» አልኩ፤ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው ተብዬ የሕመም ማስታገሻ ተሰጠኝ። ሐኪሙን ልወቅስ አልችልም፤ የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሌላ ቦታ ሄጄ እያለቀስኩ እውነቱን ተናገርኩ፤ የደም ማቅጠኛ ተጀመረልኝና ተረፍኩ። ስለዚህ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲወጋ፣ ወይም አንድ ጎን ሲዝልና ንግግር ሲያዳግት፣ ሳትውይ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ «ኢስትሮጅን እወስዳለሁ» የሚለውን ቃል አትደብቂ። ለምን እንደምትወስጂ ባትናገሪ እንኳ ይህችን አንዲት ቃል ተናገሪ።

ስለ ለውጡ እንደ ራሴ ተሞክሮ ልንገርሽ፤ ጊዜው ከሰው ሰው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚሰማው ከውጭ የማይታየው ነው፤ የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ጠዋት ጠዋት የነበረው መነሣሣት ይቀራል፣ ላብ ጠረኑን ይለውጣል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ቆዳዬ ለሰለሰ፣ ከጡቴ ጫፍ ጀርባ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠንካራ እብጠት ወጣች። በጣም ታማለች፤ ማታ በሆዴ መተኛት አቃተኝ፣ ታክሲ ውስጥ የሰው ክርን ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ያቀር ነበር። ያ ሕመም የጤና ነው። የጡት እድገት ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ የሚደርስበትን መጠን ግን ማንም አስቀድሞ ሊነግርሽ አይችልም። የዳሌና የጭን ስብ አቀማመጥም በዝግታ ነው የሚለወጠው፤ እኔ ቀሚስ በደንብ በልኬ የተቀመጠልኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።

የማይለወጠውንም ማወቅ ይገባሻል፤ እኔ ሳላውቀው ጀምሬ ብዙ ስላዘንኩበት ነው። ድምፅ አይቀጥንም፤ አንዴ የወፈረ ጉሮሮ በሆርሞን አይመለስም፣ በልምምድ ግን ይገራል። ጢም እድገቱ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም፤ ቁመትና የአጥንት ስፋትም እንደነበረ ይኖራል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙው ነገር ይመለሳል፤ ያደገ ጡት ግን አይመለስም። የመውለድ ነገር ደግሞ እጅግ ከባድ ነው፤ የወንድ ዘር ይቀንሳል፣ ካቋረጡት በኋላም ላይመለስ ይችላል፣ በሌላ በኩል አብራሽ የተኛች ሴት ልታረግዝ ስለምትችል መከላከያ ነው ብለሽ ልትተማመኚበት አትችዪም። ልጅ መውለድ የምትመኚ ከሆነ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ከራስሽ ጋር ጨርሺው።

የሆጤዋ፦

እኔ ትራንስ አይደለሁም፤ ታናሽ እህቴ ናት። ሆርሞን የጀመረች ሰሞን ከእኔ ጋር ስለኖረች ስለ ቤትና ስለ ሥራ ጥቂት ልበል።

በአገራችን ለዚህ ሕክምና ተብሎ የተቋቋመ ክሊኒክ የለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ነው፣ ሆርሞን ስለ መውሰድ የሚል ነገር የለበትም፤ ነገር ግን ሰው ይህን ለይቶ እንደማያይ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጊዜውን አስቢበት። ጡት ከስድስት ወር በኋላ በቀጭን ልብስ ይታያል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ያው ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ሹራብ ደርበሽ መዋል አትችዪም። እህቴ ጠበብ ያለ የስፖርት ካናቴራ ከውስጥ፣ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ከላይ ታደርግ ነበር፤ በፋሻ ግን አንድ ጊዜ አጥብቃ አስራው መተንፈስ አቃታት፣ ያንን አታድርጊ። ፋብሪካችሁ ልብስ መቀየሪያው የጋራ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ቤትሽ ለብሰሽ መሄድን ልማድ አድርጊው፤ በኋላ ድንገት ስትለውጪው ነው ሰው የሚጠይቀው።

መድኃኒቱን በሻንጣ ከሚያመጡ ሰዎች ያለ ማሸጊያ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ አትግዢ። እህቴ ኢስትራዲዮል ነው ተብላ የገዛችውን ሁለት ወር ወስዳ ስትለካ ኢስትራዲዮሏ ንቅንቅ አላለም፤ ምን ስትውጥ እንደነበረ ዛሬም አናውቅም። ገንዘብሽንም ቢያንስ የስድስት ወር መድኃኒትና የሁለት ምርመራ ሳይሞላ አትጀምሪ፤ እየጀመሩ ማቋረጥ ስሜትን ክፉኛ ያናውጣል። ያቺ የአክስትሽ ልጅ ደግሞ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ራስሽን ስተሽ ብትወድቂ የሚናገርልሽ ሰው እርሷ ናት።

የቦርከና ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። የእግር እብጠቱን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ክኒኑን ለአክስቴ ልጅ ሰጥቻት ይዛው ሄዳለች። ማክሰኞ የሌሊት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት የኩላሊት፣ የጉበትና የሄፓታይተስ ምርመራ ልሰጥ ወስኛለሁ። ግፊቴንም መለካት ጀምሬያለሁ፤ ትናንት 118 በ76 ነበር። ለፋርማሲስቱ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ምርመራው ደህና ሆኖ በሐኪም ስፓይሮኖላክቶን ቢታዘዝልኝ፣ ረመዳንን ከእናቴ ጋር እጾማለሁ፤ ማሽን ላይም በሙቀት እውላለሁ። እንዴት ይሆናል? ቴምርና ሙዝም ፖታሲየም አለበት ሲባል ሰምቼ ፈርቻለሁ፤ እኛ ቤት ያለ ቴምር አይፈጠርም።

ፋርማሲስቱ፦

እህቴ፣ ግፊትሽ መልካም ነው፤ መዝገቡን ቀጥዪ። በጾም ወር የምፈራው ከቴምሩ ይልቅ የውኃውን ማነስ ነው። ስፓይሮኖላክቶን ውኃና ጨው በሽንት ስለሚያስወጣ፣ ሱሑር ላይ ወስደሽው ቀኑን ሙሉ በሙቀት ላብ ሲጨመርበት ግፊትሽ ወርዶ ማሽኑ ፊት ሊያዞርሽ ይችላል። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሰርጻልና ሐኪሙ ከፈቀደ ከኢፍጣር ምግብ ጋር ይሁን፤ ከዚያ እስክትተኚ ውኃውን ቀስ እያልሽ ጠጪ። ሌሊት ለሽንት ሁለት ሦስት ጊዜ መነሣትሽ አይቀርም። በተቻለ ግን ሕክምናው በረመዳን ዋዜማ ባይጀመር እመርጣለሁ፤ ሰውነትሽ መድኃኒቱን አስቀድሞ ይልመደው።

ኩላሊቷ ጤነኛ የሆነች ወጣት ሦስት ቴምር በልታ ችግር አይገጥማትም። አደጋ የሚሆነው ኩላሊቱ ሲደክም፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት አብሮ ሲወሰድ ነው። በጨው ምትክ የሚሸጠው ፖታሲየም ያለበት ጨውም እንደዚሁ አደገኛ ነው፤ ለግፊት ጥሩ ነው ተብሎ እናትሽ ቤት ገብቶ እንደሆነ እይ። ጡንቻ መዛል ወይም የልብ ምት መዘበራረቅ ከተሰማሽ በዚያው ቀን ፖታሲየምሽን ተለኪ። ያለበለዚያ ከጀመርሽ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ መጠኑ በተጨመረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይለካል። የማክሰኞው ውጤት ሲመጣ የኩላሊትን አሠራር ከሚያሳየው፣ ክሬአቲኒን ከሚለው ትይዩ የተጻፈውን ቁጥር ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።